ልጆቻችንን ከማን ጋር ነው የምናወዳድራቸው?

(ነፋስ መውጫ ላይ ወላጆች፣ ካህናት፣ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተገኙበት ስብሰባ ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ጽሑፉን ስለጠየቃችሁኝ፣ ከአፌ እንደወጣ ብዙም ሳልነካካው አስቀምጬዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶቼ ካህናት፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ መምህራን፣ ቆላ ወርዳችሁ ደጋ ወጥታችሁ ቤት ለቤት የምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጅ አዝላችሁ ከኋላ የቆማችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። ወጣቶች ወንበር ልቀቁላቸው። ዛሬ የምናገረው ጀርባችሁ ላይ ስላሉት ነው፤ እናንተ ካልሰማችሁኝ ለማን ልናገር? እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ታሪክ ላስቀድም። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጉና ግርጌ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ሕፃናት እየለካን ነበር። የቁመት መለኪያ ሰሌዳውን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ያው በሩ አጠገብ ተደግፎ የቆመው ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቆሞ አይለካም፣ ይጋደማል። አንዱ ሰው ራሱን ከላይኛው ጣውላ አስጠግቶ ይይዛል፤ ሌላው ጉልበቱን ቀስ ብሎ ተጭኖ እግሩን ያቀናል፤ ከታች ያለው ተንሸራታች ጣውላ ተገፍቶ ውስጥ እግሩን ሲነካ ቁጥሩ ይነበባል።

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ወረፋ ይዘዋል። ተራቸው ደርሶ ሰሌዳውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ልጅ፣ በቁሟ ልትገንዛት ነው?» አሉኝ። «ጣውላ ላይ የሚጋደም ሬሳ ነው። እኔ ልጄን አላስለካም።» አንቀልባቸውን አጥብቀው ሄዱ። እየሮጥሁ ተከተልኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው አገኘኋቸው። «እሜቴ፣ እንደ ዕድሜዋ ማደጓን ለማየት ነው እንጂ ክፋት የለውም» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ምን ጎደላት? ከጎረቤቷ ልጅ እኩል ናት። በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት። አጠገብ ላጠገብ አቁመህ እያቸው» አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ የልጅቱ እናት ይዛት መጣች። ጎረቤቲቱም የራሷን ይዛ አብራት መጣች። ሁለቱም ሁለት ዓመት የደፈኑ ሴቶች ልጆች ናቸው። ለካናቸው። አንዷ 77 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላዋ 78። የእኚያ አያት ዓይን አልዋሸም፤ ልጆቹ እኩል ናቸው። ነገር ግን ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ መካከለኛ ቁመቷ 86 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ80 በታች ከሆነች ቀንጭራለች እንላለን። ሁለቱም ቀንጭረዋል። እኩል ቀንጭረዋል።

ወገኖቼ፣ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። እኛ ልጃችንን የምናስተያየው ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ከልጃችን ጋር አብሮ አጥሯል። ነጋዴው ክንዱ አጭር ሆኖ ጨርቁን በክንዱ ቢለካላችሁ ትገዙታላችሁ? አትገዙትም፤ «ክንድህ አጭር ነው፣ ሌላ ሰው ይለካልኝ» ትላላችሁ። ልጅ ላይ ሲሆን ግን በአጭሩ ክንድ ለክተን «ሞልቷል» ብለን እንመለሳለን። መለኪያችን ራሱ ነው ያጠረው!

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የእኛ አካባቢ ልጆች ጤና ከአገሩ አማካይ ጋር ሲተያይ የት ነው ያለው? ሁለተኛ፣ ለምን እዚያ ሆነ? ሦስተኛ፣ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ምን እናድርግ? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

ወደ አንደኛው። አገራችን በየጥቂት ዓመቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ታካሂዳለች። ባለሙያዎች በየክልሉ በዕጣ የተመረጡ ቤቶች ገብተው እናቶችን ይጠይቃሉ፤ ሕፃናትን ይመዝናሉ፤ ቁመታቸውን ይለካሉ፤ ጠብታ ደም ወስደው ያያሉ። ትልቁ ጥናት የ2008 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓውያኑ 2016 የሚባለው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አጠር ያለ ተደርጓል። ቁጥሮቹን የማመጣላችሁ ከእነዚህ ነው፤ የአማራ ክልልን ከአገር አቀፉ ጎን እያስቀመጥሁ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም፤ የደከመ ሰው ስሙ ሊነሣ ይገባዋል። በ2008ቱ ጥናት አንድ ዓመት ሞልቷቸው ሁለት ካልሞላቸው የአገራችን ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን አሟልተው የወሰዱት ከ100 39 ነበሩ። በክልላችን 46። በልጠናል! ይህ የማን ሥራ ነው? እነዚህ ከፊት የተቀመጡት እህቶቻችን ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሁለት ልጃገረዶች በየቀበሌው ተመድበው የሕፃን ሞት ይቀንሳሉ ሲባል ስንቱ ሰው ተጠራጥሮ ነበር? ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርገው፣ በክረምት ጭቃ፣ ወንዝ ተሻግረው እንደሚመጡ እናንተ ታውቃላችሁ። እባካችሁ አጨብጭቡላቸው።

ደም ማነስም ላይ የተሻልን ነን። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት የአገራችን ሕፃናት 57 በመቶዎቹ ደም ማነስ ሲገኝባቸው፣ በክልላችን 42 በመቶ ነው፤ ከክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው። 42 ትንሽ ነው አልልም፤ ግን ከአማካዩ በብዙ እንሻላለን። ክሳቱስ? ከቁመቱ አንፃር ሥጋው የመነመነ ልጅ በአገር ደረጃ 10 በመቶ ነው፤ እኛም ጋ 10 ገደማ። እኩል ነን።

እንግዲህ በክትባት በለጥን፣ በደም ማነስ ተሻልን፣ በክሳት እኩል ሆንን። ቁመት ላይስ? በዚያው ጥናት አገር አቀፉ 38 በመቶ ነው። ከ100 ሕፃናት 38ቱ ቀንጭረዋል። በአማራ ክልል 46። ከክልሎች ሁሉ የባሰው የእኛ ነበር። አዲስ አበባ 15 ነው። ልድገመው፤ አዲስ አበባ 15፣ እኛ 46።

ይህን 46 የሚል ቁጥር አሁን ሁለት ጊዜ ሰማችሁት። ከ100 ልጆቻችን 46ቱን አሟልተን ከትበናል። ከ100 ልጆቻችን 46ቱ ቀንጭረዋል። እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። ከበሽታ ልናድነው የቻልነውን ልጅ ማሳደግ ላይ ለምን አቃተን? ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ተወልደው አንድ ወር ሳይሞላቸው የሚሞቱብን ሕፃናት። በዚያው ጥናት በክልላችን በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 47ቱ ወራቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ ከክልሎች ከፍተኛው ቁጥር ነው። በአገር ደረጃ 29 ነው። የክልሉ ያለፉትን 10 ዓመታት፣ የአገሩ 5 ዓመታትን የሚይዝ ስለሆነ በትክክል ጎን ለጎን የሚቆሙ አይደሉም፤ ቢሆንም ክፍተቱ ሰፊ ነው። እርጉዝ ያለባችሁ ቤት፣ ምጡ ሲጀምር ሳይሆን ወሯ ሲገባ ጤና ጣቢያ ማረፊያው ድረስ አምጧት። ይህ ለብቻው አንድ ቀን የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው፤ ዛሬ በዚህ ልለፈው።

አሁን አንድ ጥያቄ። እኛ 46፣ አገሩ 38 ከሆነ፣ አማካዩ ላይ ብንደርስ ይበቃናል? አይበቃንም! አማካይ ማለት ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም ተደምሮ ሲካፈል የሚገኝ ነገር ነው። ከ100 ልጅ 38 የቀነጨረበት ቁጥር ላይ ደርሼ «እኩል ሆንሁ» ብዬ የምደሰትበት አይደለም። አማካዩን የማመጣው ሌሎች ምን እንደቻሉ እንድናይበት ነው። ደግሞም ይቀየራል። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን ከ100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ1997 ወደ 51፣ በ2003 ወደ 44፣ በ2008 ወደ 38 ወረደ፤ በ2011 37 ሆነ። የእኛ ክልል በ2003 52 ነበረ፤ ከዚያ 46፣ በ2011 ወደ 41 ወረደ። ከአገሩ ጋር የነበረን ልዩነት ከ8 ወደ 4 ጠብቦ ነበር። አያችሁ? የእግዚአብሔር ቁርጥ አይደለም፤ ሰው ሲሠራበት ይወርዳል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚህ ከተማ ድረስ ደርሶ ምን እንደሆነ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ፣ እኔ አይደለሁም። የነገርኋችሁ ቁጥሮች ሁሉ ከዚያ በፊት የተለኩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች፣ አሁን ጀርባችሁ ላይ ያሉት፣ እነዚያ ቁጥሮች ውስጥ የሉም። ስለዚህ ነው ሰሌዳውን ይዤ የመጣሁት።

ሁለተኛው ነጥብ። ለምን?

በየሄድሁበት ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «ዘራችን ነው፤ አባቱም አጭር ነው» የሚል ነው። አባቶቼ፣ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ሥራዬን ትቼ አርፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ብራዚል፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ውስጥ ከ8,000 በላይ ሕፃናት አስለክቷል። ጡት በደንብ የጠቡ፣ በአግባቡ የተመገቡ፣ ንጹሕ ቤት ያደጉ ሕፃናት ናቸው የተመረጡት። የተገኘው ምንድን ነው? የጋናው ልጅና የኖርዌዩ ልጅ እስከ 5 ዓመታቸው ቁመታቸው የሚቀራረብ ሆነ። ዘር የሚለየው በኋላ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ላይ ገና ነው። ዛሬ የምንለካበት መስፈርት የተሠራው ከእነዚያ ልጆች ነው። ደግሞስ ሩቅ ለምን እሄዳለሁ? አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የዚህ የጋይንት አገር ልጅ ወልዶ ያሳድጋል? ከዚሁ ከነፋስ መውጫ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ዘሩን በመንገድ ጥሎ ነው የደረሰው?

«አባቱም አጭር ነው» ስትሉኝ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አባቱስ ለምን አጠረ? የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ከመንግሥታችን ጋር ሆነው ባስጠኑት ጥናት፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉ ኢትዮጵያውያን 67 በመቶዎቹ ሕፃን ሳሉ ቀንጭረው ያደጉ ናቸው። እኛ ነን እነዚያ። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ዘር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የምግብ ሳህኑም ተላልፏል።

ሌላው መልስ «ድህነት ነው» የሚል ነው። ይህኛው እውነትነት አለው። አልክድም። ሴፍቲኔት ላይ ያለ ቤተሰብ በሐምሌና በነሐሴ እህሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን እዚሁ አገር አድጌ አይቼዋለሁ። ነገር ግን የ2008ቱ ጥናት ቤተሰቦችን በሀብት አምስት ቦታ ከፍሎ ሲያይ፣ በድሃዎቹ ቤት የቀነጨሩት 45 በመቶ ሲሆኑ፣ በሀብታሞቹ ቤት 26 በመቶ ናቸው። ሀብታሞቹ ቤት ከአራት ልጅ አንዱ! በሬ ያለው፣ ቆርቆሮ ቤት ያለው፣ ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው ልጅ። እህል በሚተርፍባቸው የጎጃም ወረዳዎችም የቀነጨረ ልጅ ሞልቷል። ጎተራው ሞልቶ ልጁ ካጠረ፣ ነገሩ ከጎተራው እስከ ልጁ አፍ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። መከተብ ችለን ማሳደግ ለምን አቃተን? ክትባት በሕፃኑ ዕድሜ ጥቂት ቀን ነው፤ እናት ጤና ኬላ ታመጣዋለች፣ እኛ እንወጋዋለን፣ አለቀ። ቁመት ግን ጤና ኬላ አይሰጥም። ቁመት የሚሠራው ምድጃ ዳር ነው። ከፅንሱ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ፣ በየቀኑ፣ ማንም ባለሙያ በሌለበት ነው የሚሠራው። ስድስት ወር እስኪሆነው በጡት ብቻ ካደገ ብዙ አይከፋም። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ የቀነጨሩት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ያጣውን መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ታዲያ በዚያ ጊዜ ምን ይበላል? እስኪ እውነቱን እንነጋገር። በውኃ የቀጠነ አጥሚት። ሲደርስ ደግሞ ከትልልቁ ሰው ሳህን ጥግ የወጣ፣ በሽሮ የራሰ እንጀራ። ሆዱ ይሞላል፤ አይራብም፤ አይከሳም። ለዚያ ነው በክሳት ከአገሩ እኩል የሆነው። አጥንቱ ግን የሚያድግበት ነገር አላገኘም። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ጎመን የለም፣ ቅባት የለም።

እንቁላሉ የት ሄደ? እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ ዶሮ ነበራት። እንቁላሉን በገለባ ሸፍና በእንቅብ ታጠራቅመዋለች፤ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። ስትመለስ ጨው፣ ጋዝ፣ ለእኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ነው። እኔ የተማርሁት በዚያ እንቁላል ነው። ይህንን ዕዳ ከፍዬ አልጨርሰውም። ያን ጊዜ ታናሽ እህቴ አንድ ዓመት ተኩል ይሆናታል። እንቅቡ አጠገብ ተቀምጣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ስትነካ ትዝ ትለኛለች፤ እንዳትሰብራቸው እናቴ ታነሣታለች። አንዱንም ቀምሳ አታውቅም። እህቴ ትምህርቷን አራተኛ ክፍል አቋረጠች። ዛሬ ከእኔ ትከሻ በታች ናት። በእንቁላሉ ነው ብዬ አልደመድምም፤ የአንድ ሰው ሕይወት ብዙ ነገር ይዟል። ግን ያ የነገርኋችሁ የአፍሪካ ኅብረት ያለበት ጥናት የቀነጨረ ልጅ ከሌላው ከአንድ ዓመት በላይ ያነሰ ትምህርት ይማራል ይላል፤ ያንን ባነበብሁ ጊዜ ገጹ ላይ ያየሁት የእሷን ጣት ነው።

እናቴ ስህተት ሠራች አልልም። ማንም አልነገራትም። ከ12 እንቁላል 3ቱን ለልጅቱ አስቀሪ፣ በ9ኙም ደብተር ይገዛል ያላት ሰው አልነበረም። እኔ ግን ለእናንተ እየነገርኋችሁ ነው።

ስለ ጾም ልናገር፤ አባቶቼ ካህናት ፊት ስለሆነ በአክብሮት ነው። በዓመት 180 ቀን ገደማ እንጾማለን። ሕፃን እንደማይጾም ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ብዙ ቤት ገብቼ በሑዳዴ «ለልጁ እንቁላል ሰጥተሽዋል?» ስል የሚመለስልኝ «ድስቱ ይነካካል» የሚል ነው። እናትየው ሕፃኑን ማስጾሟ አይደለም፤ በአንድ ድስት ሁለት ነገር መሥራት ከብዷት ነው። አንድ ጊዜ ይህንን ለአንድ ቄስ አጫወትኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቁመው እንዲህ አሉ፦ «ሕፃናቱ ጾም የለባቸውም። ለየቤታችሁ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ለዩ። በሌላው ጊዜም አትንኳት።» እኔ በሁለት ዓመት ስብሰባ ያልቻልሁትን እሳቸው በአንድ ቀን አደረጉት። በቀጣዩ ሳምንት ገበያ ላይ ሸክላ ሠሪዎቹ ትንንሽ ድስት ዘርግተው አየሁ። አባቶቼ፣ ዛሬ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ይህች ትንሽ ድስት ከእናንተ አፍ ትውጣ።

ሌላው ንጽሕናው ነው፤ ይህንን ቶሎ ልለፈው፣ ደጋግማችሁ ሰምታችሁታልና። ልጁ መሬት ላይ ይድሃል፤ ዶሮው እዚያው፣ ጥጃው እዚያው። ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ተቅማጥ ቢይዘውም ባይይዘውም አንጀቱ እየቆሰለ ይሄዳል፤ የበላው ምግብ ወደ ሰውነቱ አይገባም። እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። የልጁን መዳሂያ ከከብቱ ለዩለት፤ አንድ ቁርበት ወይም ሰሌን ይበቃል።

እናትየውንም እንያት። ጠዋት ውኃ፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ማሳ። ልጁን ለእህቱ ትታ ትሄዳለች፤ እህቱም ራሷ ሰባት ዓመቷ ነው። ያቺ ልጅ ሕፃን በቀን ሦስት ጊዜ ልታበላ ነው? አባቶች፣ ወንድሞቼ፣ ይህ የእናት ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ ወንበራችሁ ላይ የተደገፋችሁ ካላችሁ ቀና በሉልኝ። እርጉዟ ሚስትህ ከቀድሞ አንድ ጊዜ ጨምራ ካልበላች፣ ውኃ ከሚቀዳላት ሰው ካላገኘች፣ ልጅህ ማጠር የሚጀምረው ሳይወለድ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከእኛ ብዙ በማይርቀው በሰቆጣ ስም መንግሥት ቃል ገብቷል፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እንደ አውሮፓውያኑ በ2030፣ በእኛ በ2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ነው ቃሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ በአማራና በትግራይ፣ በተከዜ ተፋሰስ፣ 40 ወረዳዎች ላይ ነው የተሠራው። የሚወደድ ቃል ነው። ግን ቃል ኪዳኑ ልጅህን አያበላልህም፤ ድስቱ ያለው አንተ ቤት ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንስማማ። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ያለበት ቤት፣ ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን። ገብሱ ወይም ስንዴው ላይ ባቄላ ወይም ሽንብራ ጨምራችሁ አስፈጩ። ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ አድርጉበት። ጎመን ቀቅላችሁ፣ ካሮት ካለ ፈጭታችሁ ጨምሩበት። ከጎተራ ሳይሆን ከእንቅቡ፣ ለገበያ ከሚሄደው እንቁላል የልጁን ድርሻ ቀድማችሁ አንሡ፤ የቀረው ይሸጥ። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። መምህራን፣ አንደኛ ክፍል ሊመዘገብ የመጣ ልጅ እጁን በራሱ ላይ አዙሮ ጆሮውን መንካት ካልቻለ «ገና ነው» ብላችሁ የምትመልሱት አላችሁ። ተዉ! ምናልባት ዕድሜው ደርሶ ቁመቱ ይሆናል ያልደረሰው። ስንቱ ልጅ በዚህ ሁለት ጊዜ ተቀጥቷል!

ከሁሉም በላይ ግን እናስለካ። ጎረቤት ከጎረቤት ማስተያየቱን እንተወው። እኔና እነዚህ እህቶቼ ወሩ በገባ መጀመሪያው ቅዳሜ፣ ገበያ ስትመጡ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ እንሆናለን። ቁጥሩን ለእናትየው በቃል እንነግራታለን፤ ካርዷ ላይም እንጽፍላታለን። የክንድ መለኪያዋን ቀለም ያላት ጥብጣብ ታውቋታላችሁ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ከሆነ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ነው። ግን ክንዱ አረንጓዴ ላይ የሆነ ልጅም ቁመቱ ሊያጥር ይችላል። ለዚህ ነው ጥብጣቧ ብቻ የማትበቃው።

እነዚያን አያት አልረሳኋቸውም። ከዓመት ተኩል በኋላ ሌላ የልጅ ልጅ አዝለው፣ ሳልጠራቸው መጡ። ወረፋቸው ሲደርስ «ባዶ ጣውላ ላይ አላስተኛትም» አሉና ነጠላቸውን አውልቀው ሰሌዳው ላይ አነጠፉ። ራሷን ራሳቸው ያዙ። «ስንት ሆነች?» አሉኝ፤ ነገርኋቸው። «ካለፈው ወር ስንት ጨመረች?» አሉኝ። ያችን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ሰሌዳው በሩ አጠገብ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን የያዛችሁ በግራ በኩል ወረፋ ያዙ፤ የሞላቸው በቀኝ፣ ጫማቸውን አውልቃችሁ። ነጠላ ማንጠፍ የምትፈልጉ አንጥፉ፤ ስስ ከሆነ ልኬቱን አያበላሸውም። እህቴ፣ አንቺ ቀይ ቀሚስ የለበሰችውን የያዝሽው፣ ተኝታለች? አትቀስቅሻት፣ ቀስ አድርገሽ አምጪያት።